የሐሙስ ብስክሌት መስቀያ

ሮም ውስጥ ጂፕ የሚነዳ ጡረተኛ ካያችሁ ወይ ገበሬ ነው ወይ ሞኝ። እኔ እርሻ የለኝም።

መኪናውን ያገኘሁት ሹፌር ሆኜ ካገለገልኩት ቤተሰብ ነው። እነሱ ትንሽ መኪና አማራቸው፤ እኔን ትልቅ ነገር አማረኝ። አንድ ቀን በመርከብ ጭኜ አገሬ እወስደዋለሁ፣ ያደግሁበትን ዳገት በአራቱም ጎማ እየቧጠጥኩ እወጣበታለሁ፣ ዘመድ አዝማድ ደጅ ቆሞ ያያል ብዬ ነበር። ጂፑ እስከ ዛሬ ከማርቻፒዬዴ በላይ ወጥቶ አያውቅም። የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ማለቴ ነው፤ እሱንም የሚወጣው ማቆሚያ ስናጣ ብቻ ነው። የአራቱን ጎማ ማርሽ በዕድሜዬ አንዴ አስገብቼዋለሁ፤ የሱፐርማርኬት በር ላይ፣ በስህተት።

ከኋላ በሩ ላይ ቅያሪ ጎማው ተሰቅሏል። ጎማው ልብስ አለው፤ በልብሱ ላይ ደግሞ ቅዱስ ሚካኤል አለ። ሰይፉን መዝዞ፣ ሳጥናኤልን ረግጦ፣ ዓይኖቹን እንደ ሎሚ አፍጥጦ ከኋላችን የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ ይመለከታል። የሳለልን እዚሁ ሮም የሚማር የአገራችን መነኩሴ ነው፤ ካቶሊክ። ሚስቴን መጀመሪያ ትንሽ ከብዷት ነበር። በኋላ "እጁ ካቶሊክ ቢሆን ሚካኤል ያው ሚካኤል ነው" ብላ ራሷ ፈረደች፤ ከዚያ ወዲህ ከቤት በወጣች ቁጥር ትሳለመዋለች። ከበላያችን ፎቅ ለሚኖሩት ጣሊያናዊት ግን የምትታያቸው ጎማ የምትስም ሴት ናት። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ጠጋ ብለው "ባለቤትዎ ያን መኪና በጣም ይወዱታል" አሉኝ። "ከእኔ አስበልጣ" አልኳቸው። ውሸትም አልነበረም።

ትዳራችን የሐሙስና የእሑድ ትዳር ነበር። የሮምን ኑሮ ለማያውቅ ይኼ አይገባውምና ላስረዳ። ሚስቴ የአንዲት አሮጊት ፊሳ ነበረች፤ ፊሳ ማለት እዚያው በሥራ ቤቷ የምታድር ሠራተኛ ማለት ነው። እኔም ከጋራዥ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል አዳሪ ሹፌር ነበርኩ። ሁለታችንም ነፃ የምንወጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እንገናኛለን፤ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ወንበር ካገኘን እንቀመጣለን፤ ካጣን እንዞራለን፤ ሲመሽ እሷ ወደ አሮጊቷ፣ እኔ ወደ ጋራዤ። ስንጋባ ፀጉር ነበረኝ፤ ጡረታ ስንወጣ መላጣ ሆኛለሁ፤ ተደምሮ ሲታይ ግን አብረን የኖርነው ገና የሙሽራ ዕድሜ ነው።

ከጡረታ በኋላ በፖንቴ ማሞሎ በኩል ትንሽ ቤት ተከራይተን ሰባቱንም ቀን አንድ ላይ መኖር ጀመርን። የሰኞዋን ሚስቴን አላውቃትም ነበር፤ ሰኞ ሰኞ ቁጡ ናት። እሷም የማክሰኞውን እኔን አታውቀውም። የማክሰኞው እኔ ያፏጫል። ፍሪጁን ከፍቶ፣ ያለውን እያየ፣ "ምን አለ?" ይላል። ሽንኩርት ስትከትፍ ከጀርባዋ ቆሞ ቀጠን አድርጊው ይላል። ከጀርባ ሆኖ መናገር የሹፌርነት ልማድ አይደለም፤ ሹፌር ጀርባውን ነው የሚሰጠው። እኔ እንግዲህ ዘመኔን ሁሉ ከኋላ ወንበር የሰማሁትን ትእዛዝ አጠራቅሜ ነው መሰለኝ እሷ ላይ ያራገፍኩት።

እሷ ከአሮጊቷ ቤት ስትወጣ ብስክሌት ይዛ ወጣች። የአሮጊቷ የልጅ ልጆች ናቸው በግቢው የአትክልት ቦታ ያስተማሯት፤ እነሱ አደጉና ብስክሌቱ ለእሷ ቀረ። ከፊቱ የሽቦ ቅርጫት ያለው፣ ኮርቻው ሰፊ፣ ደህና ብስክሌት ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ወገቧ ላይ ታስርና ጫማዋን ጠበቅ አድርጋ ትወጣለች፤ ያኔ አሥር ዓመት ይቀነስላታል። እኔ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። ልማር ብዬ አንዴ ኮርቻው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እሱ ወደ ቀኝ ሄደ፣ እኔ ወደ ግራ።

ችግሩ የምትነዳበት ቦታ ነው። የሮም የድንጋይ ንጣፍ በእግሬ ስሄድ እንኳ ሰው ሠራሽ ጥርሴን ያንገጫግጨዋል፤ መኪናውና ሞተሩ ደግሞ ለአሮጊት አያዝንም። ስለዚህ በጋራ ግቢያችን ውስጥ የቆሻሻ ገንዳዎቹን ትዞር ነበር፤ በቀኝ ፕላስቲክ፣ በግራ ወረቀት። አንድ ጠዋት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በግቢው ውስጥ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው ይላል። በግቢው ውስጥ ብስክሌት የምትነዳ እሷ ብቻ ስለነበረች ስሟን ቢጽፉት ይቀል ነበር።

በዚያው ሰሞን የአሮጊቷ ልጅ ስልክ ደወለች። እናቷ ከእንግዲህ ብቻዋን መሆን አትችልም፤ እንግዳ ሰው ደግሞ አትፈልግም። የሚስቴ ክፍል እንደነበረ ነው፤ አትክልቱም እንዳለ ነው፤ ብስክሌቷን ይዛ ትምጣ። ሚስቴ "ላስብበት፤ ሐሙስ ደውይልኝና እመልስልሻለሁ" አለቻት።

ስልኩን ስትዘጋ የማክሰኞው እኔ ፉጨቱን አቆመ።

"ልትሄጂ ነው?"

"እያሰብኩ ነው።"

"ምን ጎደለን? ጡረታው ያበላናል።"

"ስለ መብላት ማን አወራ?"

"ታዲያ ምን ጎደለ?"

"ግቢ" አለች።

"ግቢ ብቻ?"

ቢላዋዋን አነሳች። "አሁን ከጀርባዬ ዞር በልልኝ፤ ሽንኩርቱን ልክተፍ።"

ዞር አልኩ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ጂፑን ቁልቁል አየሁት። ከኦስቲያ አጠገብ፣ ወደ ባሕሩ ሲጠጉ፣ ለጥ ያለ የጥድ ጫካ አለ፤ መኪና የማይገባበት መንገድ አለው። ብስክሌቷን እዚያ ካደረስኩላት የአሮጊቷ አትክልት ምን ያደርግላታል? ወርጄ ብስክሌቱን ጂፑ ውስጥ ለማስገባት ሞከርኩ። ጂፑ አጭሩ ዓይነት ነው። መሪው ሲገባ ኮርቻው ይወጣል፤ ኮርቻው ሲገባ ፔዳሉ የጣሪያውን ጨርቅ ይቀድዳል። የጣሪያውን ጨርቅ እስካሁን አላሰፋሁትም።

የቀረኝ መስቀያ መግዛት ነው። ፖርታቢቺ ይሉታል፤ ብስክሌት ከመኪና ውጭ የሚሰቀልበት ብረት ነው። በቲቡርቲና መንገድ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ እንደ እኔ መላጣ የሆነ ሰውዬ አለ፤ ለሚስቴ ሳልነግር፣ ላስደንቃት ብዬ፣ እሱ ጋ ሄድኩ። ወጣ ብሎ ጂፑን ዞረው።

"ይኼ አውሬ የት የት ይወጣል ሲኞሬ? ተራራ?"

"ቤተ ክርስቲያንና ሱፐርማርኬት።"

"አሎራ፣ እንግዲያው ለስንት ብስክሌት ነው?"

"ለሁለት" አልኩት፤ ዓይኔን አላሸሁም። ያለን አንድ ነው፤ ሁለተኛውን እገዛለሁ፣ መንዳቱንም እማራለሁ፣ ጎን ለጎን እየነዳን ስለ ሽንኩርት እናወራለን።

ሦስት ዓይነት አለ አለኝ። የመጀመሪያው ፖርቶመጋላው ላይ፣ ማለት ጣሪያው ላይ የሚታሰር ነው። "ይሞክሩት" ብሎ ከሱቁ አንድ ብስክሌት አወጣልኝ። አነሳሁት። ብስክሌቱ ከራሴ በላይ ወጣ፤ ችግሩ የእኔ ራስ ያለበት ከፍታ ነው። እኔና ጂፑ ጎን ለጎን ስንቆም የምንተያየው በመስኮቱ ነው። ክንዴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰውዬው ብስክሌቱን ከላዬ ወሰደና "ሚስትዎ ረጅም ናቸው?" አለኝ።

"ረጅም ናት፤ ግን ላስደንቃት ነው።"

"ያስደንቃቸዋል" አለ።

ሁለተኛው ከኋላ ተጎታች በሚጎተትበት መንጠቆ ላይ የሚቆም ነው። ዝቅ ያለ፣ ምቹ፣ ለሽማግሌ የተፈጠረ። ግን ጂፑ መንጠቆ የለውም። መንጠቆ ይገጠማል፤ ከተገጠመ በኋላ ይመረመራል፤ ከተመረመረ በኋላ ሊብሬቶው ላይ፣ የመኪናው ደብተር ላይ፣ ይጻፋል፤ ለዚያ ቀጠሮ ይያዛል። እዚህ ላይ አስቆምኩት። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ሳሳድስ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ፀጉሬን የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ እኔ ጡረታ የወጣሁት ከሹፌርነት ብቻ መስሎታል? ከወረፋም ነው። ለራሴ መቆሜ ሳያንስ ለብረት መንጠቆ ደግሞ አልሰለፍም።

ሦስተኛው ቅያሪ ጎማው ላይ የሚታሰረው ነው። ሰውዬው ፊቱ በራ። "ይኼ ለእርስዎ ነው፤ ታርጋም መብራትም አይሸፍንም፤ ሁለት ክንድ አለው። በጎማው ብሎን ይታሰራል። ይቺን ብቻ" አለና ሚካኤልን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፣ "መሐሏን በመሰርሰሪያ እንበሳታለን።"

ጣቱ ያረፈው ደረቱ ላይ ነው። እንግዲህ ሳጥናኤል በዚያ ሁሉ ጦርነት ያልቻለውን እኔ ቲቡርቲና ላይ በመሰርሰሪያ ላደርገው ነው።

"ሌላ ቦታ አይበሳም?"

"ጎማው መሐሉ አንድ ነው ሲኞሬ።"

"ልብሱ ቢወልቅስ?"

"ይወልቃል። ብስክሌት ሲሰቀል ግን ማን ያየዋል? ያው ይሸፈናል።"

ማን እንደሚያየው አልነገርኩትም። እቃውን አስቀምጥልኝ ብዬ ወደ ሠዓሊው ወደ መነኩሴው ነዳሁ። በሚማርበት ኮሌጅ በር ላይ መጽሐፍ አቅፎ አገኘሁት። ልጄ ይሆናል በዕድሜ፤ ቢሆንም አባ ነውና አንቱ እለዋለሁ፤ እሱም ሽማግሌ ነኝና አንቱ ይለኛል፤ ተከባብረን እንሰዳደባለን።

"አባ፣ ሚካኤልን በብስክሌት ብሸፍነው ምን ይመጣብኛል?"

እንደ ሊቅ አሰበ። "በቤተ ክርስቲያን ሥዕል መጋረጃ አለው፤ ይሸፈናል፣ ይገለጣል። መሸፈኑ ነውር የለውም፤ ክብሩ ነው።"

"እንዲህ ከሆነ ብስክሌቱን እንደ መጋረጃ..."

"ጋሼ፣ መጋረጃ ፔዳል የለውም።"

"ልብሱን ባወልቀውስ?"

"እኔ ቀለሙን እንጂ ጎማውን አልባረክሁም። ለመሆኑ ባለቤትዎን ጠይቀዋል?"

"ላስደንቃት ነው እኮ።"

"ከማስደነቅ መጠየቅ ይቀላል" አለኝ።

መነኩሴ ስለ ትዳር ምን ያውቃል? አላልኩትም፤ አንቱ የሚሉትን ሰው እንዲህ አይሉትም። ግን መንገዱን ሙሉ እሱን ስል ቆየሁና ቲቡርቲና ስደርስ ባለ ሁለት ክንዱን ገዛሁት። ገና ሳላስገጥመው፣ ከነካርቶኑ፣ ግቢያችን ገብቼ ብረቱን መሬት ላይ ዘረጋሁላት። ሚስቴ የተከለከለውን ብስክሌት ግድግዳው ሥር እያጸዳች ነበር።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

ነገርኳት። ኦስቲያን፣ ጥዶቹን፣ መኪና የማይገባበትን መንገድ። ሐሙስ ሐሙስ እንደምንሄድ። ቆማ ሰማችኝ። እኔም የቃል ኪዳን ያህል አስረዝሜ ተናገርኩ።

"ሁለት ክንድ አለው" አለች።

"አንዱ ለእኔ ነዋ።"

"አንተ ብስክሌት?"

"እማራለሁ።"

ሳቀች። በመጀመሪያ እንደ ሰው ሳቀች፤ ከዚያ ጨርቋን ኮርቻው ላይ ጣለችና ሳቋን ጨረሰች።

"ስማኝ አንተ ሰውዬ። አሮጊቷ ስትጮህብኝ ሐሙስ ይመጣል እያልኩ ነበር የምውለው። አሁን አንተ ስታፏጭብኝ ምን ይመጣል ልበል?"

"ሐሙስማ ከእኔ ጋር ነበርሽ።"

"ግማሹን።"

"እንዴት ግማሹን?"

"ከቤቷ እንደወጣሁ አልመጣም ነበር ወደ አንተ። መጀመሪያ ብቻዬን እዞር ነበር። አይስክሬሜን ይዤ፣ የሱቅ መስታወት እያየሁ፣ የማላውቀው አውቶቡስ ላይ እየወጣሁ። ማንም ስሜን አይጠራኝም። እሱ ሲበቃኝ ነው ተርሚኒ የምመጣው። ሲበቃኝ ግን ናፍቄህ ነው የምመጣው፤ ይኼንንም ስማ።"

ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ሁሉ ሐሙስ፣ ተርሚኒ ባቡር ሲገባና ሲወጣ እያየሁ፣ ሚስቴን የምታዘገይብኝን አሮጊት ስረግም ኖሬያለሁ። አንድ የፋሲካ ማግስት ስልክ ደውዬ ሰው በሰዓቱ መልቀቅ እንዲለምዱ ሁሉ መክሬያቸዋለሁ፤ በዚያ የሹፌር ጣሊያንኛዬ። ሴትዮዋ ምን እንደማወራ አልገባቸውም ነበር። እንዴትስ ይግባቸው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ አብሬሽ ልዙር ትል ነበር።"

እል ነበር።

"ስለዚህ የጠፋብሽ ግቢ አይደለም" አልኳት።

"ግቢም ነው። ግን ግቢ ያለ አንተ።"

ይኼን የመሰለ ቃል አንድ ባል ሲሰማ ወይ ይቆጣል ወይ ያዝናል። እኔ ባለ አንድ ክንድ መስቀያ ይኖር ይሆን እያልኩ ነበር የማስበው። በማግሥቱ ካርቶኑን ተሸክሜ ተመለስኩ። መላጣው ሰውዬ ከሩቅ ሲያየኝ ተረዳኝ።

"ሲኞራዋ አልመጣም አሉ?"

"ሲኞራዋ ትመጣለች። የቀረሁት እኔ ነኝ።"

"ቫ ቤኔ፣ ይሁን" አለና፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ አንድ ብቻ የሚይዘውን አወረደ። ያገባ ሰው መሆን አለበት። ሊገጥመው መሰርሰሪያውን ሲያነሳ ልብሱን ቀድሜ አወለቅሁና ታቅፌው ቆምኩ። እቤት ስደርስ ደግሞ የጎማውን ዕራቁትነት ሳታይ በፊት ላስረዳት ፈልጌ በረንዳው ሥር ጥሩምባ ነፋሁ። ወረደች። መስቀያውን በእጇ ወዘወዘችው፤ ጠንካራ ነው። አንዱን ክንድ አየች። ከዚያ ሚካኤልን ከእቅፌ ወሰደች፣ ተሳለመችው፣ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ቀበቶ አሰረችለት።

"ይከፋው ይሆን?" አልኳት።

"ዕድሜ ልኩን ጭስና ጥሩምባ ላይ አንጠልጥለኸው የኖርክ፣ አሁን ትጨነቅለታለህ?"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኦስቲያ አጠገብ ጥዶቹ ሥር አቆምኩ። ብስክሌቱን ለማውረድ ስንደረደር "ተወው" አለችኝ፤ ረጅም ናት፣ በአንድ እጇ አወረደችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ።

"የአሮጊቷ ልጅ ትደውላለች። አትመጣም በላት።"

"እኔ ልንገራት?"

"አንተ ንገራት። ምክንያቱንም አንተው ፈልግለት፤ ወሬ አያጥርህም።"

ሄደች። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ ደወሉን ለማንም ሳይሆን አንድ ሁለቴ አንቃጭላ፣ ከጥዶቹ ኋላ ገባች። እኔና የመላእክት አለቃ መኪና ውስጥ ብቻችንን ቀረን። በመስታወት አየሁት፤ እሱ ግን የሚያፈጥበት ሹፌር ከእኔ በቀር አላገኘም። ለማፏጨት ከንፈሬን አሾልኩና ተውኩት።

ስልኩ ጠራ። ልጅቷ ናት፤ ድምፄን ስትሰማ ትንሽ ቀዘቀዘች።

"ሲኞራዋስ?"

"ብስክሌት ላይ ናት።"

"እናቴ ጋ ትመለሳለች ወይ?"

"አትመለስም። ሌላ ሥራ ይዛለች።"

"ፊሳ?"

"ፊሳ። አንድ ሽማግሌ ነው።"

በዚያ ሰው በሚቀጠርበት ድምፅ ጠየቀችኝ፤ "ራሱን ይችላል?"

"ራሱን ይችላል። ዝም ማለት ነው የማይችለው።"

"ሐሙስስ ይለቃታል?"

"ራሱ ነው ነድቶ የሚያደርሳት።"

"አይ" አለች፤ ተነፈሰች፤ "እንዲህ ያለ ቤት ካገኘችማ እኛ ጋ ለምን ትመጣለች። ግን ታግሳ ትችለው ይሆን? ሽማግሌ ከባድ ነው። በርቺ በሉልኝ።"

"እላታለሁ።"

ሚስቴ ብቅ ስትል ፊቷ በላብ አብረቅርቋል፤ የጥድ ቅጠል ነጠላዋ ላይ ተሰክቷል። አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ቆመች፤ ከኮርቻው አልወረደችም።

"ደወለች?"

"ደወለች። አንድ ሽማግሌ ይዛለች አልኳት።"

"አመነች?"

"በርቺ ብላሻለች።"

ኮዳዋን ከቅርጫቱ አንስታ እስከ ታች ጠጣችና ባዶውን በመስኮት አቀበለችኝ። "ሙላልኝ፤ አንድ ዙር ይቀረኛል።"

ቧንቧው በየት በኩል እንደሆነ ልጠይቃት ስል ሄዳለች። ከመኪናው ወረድኩና ውሃ ፍለጋ ጀመርኩ።